አበባ የማያውቀው የጥልፍ ማሽን

አንድ ገብረየስ የሚባል ግንበኛ ነበር። እሱ የገነባው ግድግዳ ላይ ውሃ ልክ ቢቀመጥ ዝንፍ አይልም ይባልለታል። ሚስቱ አመለወርቅ ደግሞ ጥልፍ ጠላፊ ናት። በዚያ ከተማ ልጃገረድ ስትታጭ ከቀለበቱ ቀድማ የምትጠይቀው አመለወርቅ ቀሚሷን ትጠልፍላት እንደሆነ ነበር። አመለወርቅ ስትጠልፍ ታንጎራጉራለች። ገብረየስም ከሥራ ሲመለስ ድምፅዋን ከአጥር ውጭ ይሰማና ድካሙ ይለቀዋል።

አንድ በጋ ላይ የጣቶቿ መገጣጠሚያ አብጦ መርፌ አልይዝ አላት። ወጌሻም አሻት፣ ሐኪምም መድኃኒት ሰጣት። እብጠቱ ጎደለ፤ መርፌውን ቆንጠጥ አድርጎ የመያዝ አቅሟ ግን ሳይመለስ ቀረ። ጥቂት ታገለችና ክሮቿን ጠቅልላ ከአልጋ ሥር አስገባቻቸው።

"ይበቃኛል፤ ብዙ ጠልፌያለሁ" አለች።

ቤቱ ጭር አለ። አመለወርቅ ምግቡንም ትሠራለች፣ እንግዳም ትቀበላለች፤ ነገር ግን ሌላ ሴት መስላ ነው። ገብረየስ ይህን በየቀኑ ያያል። አዲስ ዓመት ሲቃረብ የጥልፍ ማሽን ሊገዛላት ወስኖ ወደ ገበያ ሄደ።

ነጋዴው ትልቁንና የሚኮራበትን ማሽን አስነሳለት። ማሽኑ ማንም ሳይነካው ጽጌረዳ ጠለፈ፣ መስቀል ጠለፈ፣ ጭራውን የዘረጋ ጣዎስ ጠለፈ። ገብረየስ አፉን ከፍቶ ቀረ።

"ባለቤትህ ከእንግዲህ አትደክምም። ቁልፏን ጫን ታደርጋለች፣ አለቀ" አለው ነጋዴው።

"እሷስ ምን ትሠራለች?"

"ቁጭ ብላ ታያለቻ።"

ገብረየስ "እሰየው" ሊል ብሎ ተወው። ለእሱ ሰው ሲገነባ ቆሞ ማየት ከቅጣት አይተናነስም። ነጋዴው ቅን ሰው ስለነበር ማመንታቱን አይቶ "ለመሆኑ ከሥራው የሚያስቸግራት የቱ ነው? የምትወደውስ?" ሲል ጠየቀው።

ገብረየስ የሰፈሩ ግንብ ሁሉ የት ጋ እንደሚሰነጠቅ ያውቃል፤ የሚስቱን ሥራ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ከበር ላይ ሆኖ ነበር ያየው። አፈረ። "ቆይ፣ ተመልሼ እመጣለሁ" ብሎ ወጣ።

እንዳይጠይቃት ስጦታው ይነቃበታል። ከዚያም የባሰ የፈራው ነገር ነበር። ማሽን የሚል ቃል ብትሰማ "እጅሽ አበቃለት" ያላት መስሏት ብታዝንስ? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ግንበኛው የሚያውቀውን ብቸኛ ዘዴ ያዘ። የማያውቀውን ሥራ ራሱ ሊሠራው ተነሣ።

እሑድ አመለወርቅ ማኅበር ስትሄድ ከአልጋ ሥር ዕቃዋን አወጣ። ጨርቁን በክብ እንጨቱ ላይ ወጠረ። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ እስኪያሾልክ ላብ አጠመቀው። ከዚያ እንደ ልማዱ በእርሳስ መስመር አሰመረ፣ ውሃ ልኩን አስቀመጠ፣ አበባውንም ከታች ወደ ላይ ይደረድረው ጀመር። ጣቱን እየወጋ፣ መርፌ የፈለሰፈውን ሰው እየረገመ ሲታገል፣ አመለወርቅ ጃንጥላዋን ረስታ ኖሮ ተመልሳ መጣችና በሩ ላይ ቆመች።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"አበባ" አለ፣ መደበቂያ አጥቶ።

ጠጋ ብላ አየችው። "እኔ ደግሞ ብሎኬት የደረደርክ መስሎኝ።"

ከዚያ ሳቀች። ወገቧን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ በማየቱ ገብረየስ የተወጋ ጣቱን ረሳው። ማኅበሩም ተረሳ። አመለወርቅ አጠገቡ ተቀምጣ ክቡን እንጨት በሁለት መዳፏ ያዘች።

"በል አንተ ውጋ፣ እኔ ልምራህ" አለችው።

እሱ መርፌውን ይወጋል፣ ይነቅላል። እሷ ጨርቁን በዝግታ እያዞረች ቅጠሉን ታጎብጠዋለች። "ቀዩን ተወው፣ ብርቱካኑን አምጣ" ትለዋለች። ሳይታወቃት ማንጎራጎር ጀመረች። ገብረየስ ያን ጊዜ ገባው። ያቃታት መርፌ መያዙ ብቻ ነው። አበባው ወዴት እንደሚዞር፣ የቱ ቀለም ከየቱ ጋር እንደሚስማማ የሚያውቀው እጇ ምንም አልሆነም።

በማግስቱ ማልዶ ነጋዴው ዘንድ ደረሰ። "መርፌውን ብቻ የሚወጋ ስጠኝ፤ ጨርቁን እሷ በእጇ የምታዞረው" አለው።

ነጋዴው ከመደርደሪያው ጥግ አንድ ትንሽ ማሽን አወጣ። "ይኼ እኮ ምንም አያውቅም። አንዲት አበባ እንኳን አያውቅም።"

"ጎሽ፣ እሱ ይሻለኛል። የምታውቅማ ቤት አለችልኝ።"

የአዲስ ዓመት ጠዋት ገብረየስ ስጦታውን ፊቷ አስቀመጠ። አመለወርቅ መሸፈኛውን ገልጣ ስታይ ፊቷ ጠቆረ።

"እጄን የሚተካ መጣ በለኛ" አለች ቀስ ብላ።

"አንቺን አይደለም የሚተካው፣ እኔን ነው" አላት ገብረየስ። "የእኔን መርፌ አወጋግ አይተሽዋል። የተሻለ ሠራተኛ ቀጠርኩልሽ። መምራቱ ያው ያንቺ ነው።"

አመለወርቅ ማሽኑን ወደ ራሷ ስባ ጨርቅ ወጠረችበት። ከዚያ እግሯን ፔዳሉ ላይ አሳርፋ፣ መዳፎቿን በተወጠረው ጨርቅ ግራና ቀኝ አስቀመጠች። መርፌው ዘለለ፣ ጨርቁ ዞረ፣ አንዲት ቅጠልም ልክ እሷ እንዳሰበቻት ጎበጥ ብላ ወጣች። አመለወርቅ ቀና ብላ ባሏን አየችውና "ለካ ታውቀኛለህ" አለችው። ገብረየስ በዕድሜው ሙሉ ስለ ሥራው ብዙ ምስጋና ሰምቷል፤ ይህችን የሚያህል ግን አልሰማም።

ወዳጆቼ፣ ለምንወደው ሰው ስጦታ ስንመርጥ ሁሉን የሚሠራ ዕቃ ያማልለናል። መልካም ስጦታ ግን የሰውን ድካም ይወስድለታል እንጂ ደስታውን አይወስድበትም። ድካሙና ደስታው የቱ ጋ እንደሚለያዩ ለማወቅ ደግሞ አንዳንዴ ራስን በመርፌ ማስወጋት የግድ ነው። እርስዎስ፣ አብሮዎት የሚኖረው ሰው ከዕለት ሥራው የቱ እንደሚከብደው፣ የቱስ እንደሚጣፍጠው ያውቃሉ? ካላወቁ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት አንድ ቀን አጠገቡ ቁጭ ይበሉ።