ሙሾውን አስቀድሞ ያዘዘው ፍልፈል

ድሮ፣ እንስሳ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ በአንድ አገር አንድ ፍልፈል ይኖር ነበር። የአገሩን ስም አትጠይቁኝ፤ ብታውቁትም አትሄዱበትም።

ይህ ፍልፈል ነጋ ጠባ ከመሬት በታች ይቆፍራል። ያገኘውን ሥር ሁሉ ጎተራው ይከታል። ጥሩ ጥሩውን ለነገ ብሎ ያኖርና እሱ የጠወለገውን ይቆረጥማል።

ጎረቤቱ ጥንቸል መጥታ «አያ ፍልፈል፣ ድግስ አለኝና ብቅ በል» ትለዋለች።

«ገና ነው፣ ጎተራው ይሙላና» ይላታል።

ኤሊ መጥቶ «አያ ፍልፈል፣ ፀሐይ ወጥታለች፣ ና አብረን እንሙቅ» ይለዋል።

«ገና ነው፣ ጎተራው ይሙላና» ይለዋል።

ሞት የሚባል ነገር መኖሩንም ሰምቷል። ለእሱም መልሱ ያው «ገና ነው» ነው። ሞት ደግሞ የማንንም ጎተራ መሙላት የሚጠብቅ አማች አይደለም።

አንድ ቀን ሽኮኮ ሞተች። የተቀበረችው ከፍልፈሉ ቤት በላይ ነበርና ለቀስተኛው ደረቱን እየደቃ መሬት ሲረግጥ ጣሪያው አፈር አራገፈበት። ተቆጥቶ ጆሮውን ቢያቀና፣ ዋኔ የምትባለው እርግብ ሙሾ ታወርዳለች። የአገሩ አልቃሽ እሷ ናት።

«የቋጥኙን ሙቀት ለብርዳም አካፍላ፣
ሄደች ያቺ ደጓ ፀሐይ ተከትላ።»

አገር ተላቀሰ። ፍልፈሉ ግን ቀና። «ለአንዲት ሽኮኮ ይህ ሁሉ! ባዶ ቤት ትታ ለሞተች! ለእኔ ለባለጎተራውማ ስንት ይባል ይሆን?» አለ። ማሰቡ አላስችል ብሎት በማግስቱ ዓይኑን እያርገበገበ ከጉድጓዱ ወጣ።

«እሜቴ ዋኔ፣ ስሞት የሚወርድልኝን ሙሾ አሁን ያውርዱልኝ። ዋጋው የፈለገውን ይሁን፣ እኔ በጆሮዬ ልስማው» አላት።

ዋኔ ከላይ እስከ ታች አየችው። «አንተ አለህ እንዴ? እኔ እኮ ከተቀበርክ የቆየህ መስሎኝ።»

«ኧረ አለሁ!»

«አልቃሽ ሟች ምን እንደሠራ ሳትጠይቅ አፏን አትከፍትም። ምን ሠራህ?»

«ጎተራ ሞላሁ።»

«ሌላስ?»

ፍልፈሉ አሰበ፣ አሰበ። «...ጎተራ ሞላሁ» አላት።

«እንግዲያው ስማ» አለችና ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ቆፈረ ቆፈረ ጉድጓዱን ሞላና፣
ራሱን ቀበረ ገና ነው አለና።»

«ይሄማ ስድብ ነው!»

«ስድቡን ያመጣኸው አንተ፤ እኔ ዜማውን ነው የጨመርኩበት።»

«እሺ፣ ሌላ ሥራ ሠርቼ ልምጣ። ለመሆኑ የምሞተው መቼ ነው?»

«እኔ አልቃሽ ነኝ እንጂ ጠንቋይ አይደለሁም። ዛሬም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የዛሬውን ሠርተህ ና።»

ፍልፈሉ እየሮጠ ሄደ። ከጎተራው ጥግ አንድ የሻገተ ሥር መዝዞ ለጥንቸል ወረወረላትና ተመለሰ። «አሁንስ እሜቴ?»

«የሻገተ በዜማ አይገባም» አለችው።

ደግሞ ሄደ። አሁን ደህናውን ሥር ለኤሊ ሰጠው፤ ግን ኤሊ እስኪውጥ አጠገቡ ቆሞ «ጣፈጠህ? ለእሜቴ ዋኔ ትናገራለህ አይደል? ማን ሰጠኝ ነው የምትላት?» እያለ ነዘነዘው። ምስኪኑ ኤሊ ጉርሻው አንቆት ራሱን ወደ ድንጋይ ልብሱ ከተተ። ፍልፈሉም ተመለሰ። «አሁንስ እሜቴ?»

«ያነቅኸውን ነው እንዴ አጎረስኩ የምትለኝ? ሂድልኝ ወዲያ!»

አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ገባ። በሦስተኛው ቀን ዝናብ ጣለ። ምን ዝናብ ነው፣ ሰማይ ተቀደደ እንጂ! ከፍልፈሉ ጎተራ ከፍ ብሎ ያለው የጥንቸል ጉድጓድ አፉ በናዳ ተደፈነ። እናቲቱ ውጭ ቀርታ ትጮኻለች፤ አራቱ ልጆቿ ውስጥ ናቸው፤ ውሃው እየሰረገ ይሞላባቸዋል።

ፍልፈሉ በጎተራው ግድግዳ በኩል የልጆቹን ለቅሶ ሰማ። ግድግዳውን ቢቆፍረው ልጆቹ ይወጣሉ፤ ውሃውም አብሮ ገብቶ የሰባት ክረምት ልፋቱን ይበላበታል። አፉ እንደ ልማዱ «ገና ነ...» ብሎ ጀመረ። ዋኔ ያለችው ትዝ አለው፤ ዛሬም ሊሆን ይችላል። የእነሱም ዛሬ ሊሆን ነው። የእሱም ዛሬ ሊሆን ነው። ታዲያ ጎተራው ለማን ነው?

ግድግዳውን በጥርሱም በጥፍሩም ናደው። ውሃው ደርምሶ ገባ፤ ልጆቹም እንደ ቅጠል እየተንከባለሉ አብረው ገቡ። አንዱን በጥርሱ አንጠልጥሎ፣ ሦስቱን በጀርባው አዝሎ በራሱ በር አወጣቸው። ጎተራው ጭቃ ሆኖ ቀረ።

ሲያባራ ሁሉም ዳገቱ ላይ ፀሐይ ሊሞቁ ተቀመጡ። ጥንቸል አንድ ትኩስ ሥር አቀበለችው። ነክሶ ማኘኩን አቆመ።

«ምነው አያ ፍልፈል? መረረህ?»

«ኧረ! ይሄ ነገር እንዲህ ነው እንዴ የሚጣፍጠው?» አለ። ሰባት ክረምት ሙሉ የለቀመውን ሥር ትኩሱን የቀመሰው ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲያ ድግስ አያልፈውም፣ ፀሐይም አያመልጠውም። ሙሾውንም ረሳው። ዋኔ ብትጠብቅ ብትጠብቅ ቀረባት፤ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ራሷ መጣች።

«የት ጠፋህ? አልቃሽ ትለመናለች እንጂ አትለምንም። ሙሾህ እኮ ደርሷል፣ ና ስማው!»

«ይቆዩኝ እሜቴ፣ ኤሊ ጋ ግብዣ አለብኝ። ሄጄ ልብላ።»

«ስትመለስ ብትሞትስ?»

«ብሞትማ በልቼ ልሙታ!» አላትና እየሳቀ ሄደ።

ጥቂት ክረምት ኖረ። አንድ ቀን ፀሐይ እየሞቀ እዚያው ጭልጥ ብሎ ቀረ።

ያኔ ዋኔ ያን ሁሉ ጊዜ ያሰማመረችውን ሙሾ ይዛ ቅርንጫፏ ላይ ወጣች። አፏን ስትከፍት አራቱ የጥንቸል ልጆች ጮኹ፤ ኤሊ ጮኸ፤ ዳገቱ በሙሉ ጮኸ። አንዲት ስንኝ የሰማላት የለም። «ዝም በሉና ስሙኝ!» ብላ ተቆጣች። ማን ሊሰማት! ኋላ የእሷም ሆድ ባባ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ለሌላው በዜማ ስታለቅስ የኖረችው ወፍ ያን ቀን ያለ ዜማ አለቀሰች።

ለዚህ ነው አያቶቻችን፣

«ሞቱን ያሰበ ዕለቱን ይኖራል፤
ሞቱን የረሳ ዕለቱን ይቀብራል» የሚሉት።