አሥራ ስድስት ገጽ ይቀራል

አንዲት ሴት ነበረች፣ ልብ ወለድ የምትጽፍ። ስሟን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁም መጽሐፏን ፍለጋ እንደማትወጡ አውቃለሁ። አትሳቁ! እኔም ከእናንተ አልሻልም ነበር።

ይህች ሴት ቀን ቀን መዝገብ ቤት ትሠራለች፤ ጠዋት ከሥራ በፊት ትጽፋለች። በልጅነቷ ሰፈሯ ውስጥ መጽሐፍ ከሚያከራይ ሱቅ ያልተከራየችው አልነበረም። የኪራይ መጽሐፍ ታውቃላችሁ፤ ከእጅ እጅ ሲዞር መጨረሻው ይገነጠላል። ስንቱን ታሪክ ልቧ እንደተንጠለጠለ መለሰችው! «እኔ ስጽፍ ማንንም አንጠልጥዬ አልተውም» ብላ ለራሷ ቃል ገባች።

የመጀመሪያ መጽሐፏ ሰባት ዓመት ፈጀባት። ታሪኩ ከሴት ልጇ ጋር ስለተጣላች እናት ነው። እናት ከብዙ ዓመት በኋላ ልቧ አልችል አለና የልጇን ቤት ፍለጋ ትሄዳለች።

ታተመ፤ እሰየው! ሻረው የሚባል መጽሐፍ አዟሪ የመጀመሪያዎቹን ስድሳ ተሸክሞ ወጣ። እሷም አንዱን ይዛ ቤቷ ገባች፤ እንደ ልጅነት ልማዷም መጨረሻው መኖሩን ለማየት ከኋላ ገለጠችው።

የለም!

ምን ሆኖ መሰላችሁ? መጽሐፍ የሚታተመው በትልልቅ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ሲታጠፍ አሥራ ስድስት ገጽ ይወጣዋል። ሠራተኞቹ እጥፎቹ የተከመሩበትን ጠረጴዛ እየዞሩ ከየክምሩ አንድ አንድ እጥፍ ያነሣሉ፣ ከዚያ ይጠረዛል። ያን ቀን የመጨረሻው ክምር ሌላ ክፍል ውስጥ ተረስቶ ቀረ። ስለዚህ እናትየው ልጇ ደጅ ትደርስና፣ «አንኳኳች። የከፈተላት የለም» ይላል። ከዚያ በኋላ ሽፋኑ ነው።

ሴትየዋ እየሮጠች ማተሚያ ቤቱ ሄደች። ኃላፊው አቶ ቢራቱ ጥፋቱን አልካደም። «የቀረውን እናስተካክላለን፤ ለወጣው ግን አታስቢ» አላት። «እኛ አገር ሰው መጽሐፍ መቼ ይጨርሳል? የጨረሰም ቢኖር፣ ደራሲዋ ዘመናዊ ናት ብሎ ያደንቅሻል!»

«የሚጨርሰው አንድ ሰው ቢሆንስ?» አለችው።

«አንድ ሰው ምን አላት!»

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ምን አላት? ይህችን ጥያቄ ያዙልኝ። እመለስባታለሁ።

የተረሱትን እጥፎች በቦርሳዋ ይዛ ሻረውን ፈለገችው። ለማን እንደሸጠ አንድ በአንድ አስታወሰላት። ይህቺን የገዛው ታክሲ ነጂ ነው፤ ይህቺን ነርሷ፤ ይህቺን ባለ ፎቶ ቤቱ። ቅዳሜና እሑድ በየቤቱ፣ በየሥራ ቦታው ዞረች። ወዳጆቿ «ደራሲ ትሆናለች ስንል ፖስታ አመላላሽ ሆነች» ብለው ሳቁባት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። አብዛኛው ገዢ መጽሐፉን ገና አልጀመረውም። አንዱማ ከተናጋ ጠረጴዛው እግር ሥር ከቶት አገኘችው። ለእሱም የጎደለውን አውጥታ ሰጠችው፤ እሱም አሥራ ስድስቱን ገጽ እዚያው ከጠረጴዛው ሥር ጨመረው።

እናንተ ብትሆኑ እዚህ ጋ አትተዉትም? እኔ እተወው ነበር። እውነቴን ነው።

በአምስተኛው ወር አንድ ገዢ ብቻ ቀራት። «የአንዱን ሽማግሌ ስም አላውቅም» አላት ሻረው። «ግን ኮቴን በነገር ገደሉት። ይህን ትከሻ የሰፋው ሰው ዓይን አለው ወይ? ሞጆ ስትመጣ ብቅ በል፣ አስተካክልልሃለሁ አሉኝ።»

በዚህች ምልክት ብቻ ሞጆ ወረደች። ልብስ ሰፊዎችን እየጠየቀች አንድ በረንዳ ላይ ጋሽ ወንድይራድን አገኘቻቸው፤ ሜትር አንገታቸው ላይ ጥለው መኪናቸውን እየረገጡ ይሰፋሉ። መጽሐፉን አነበቡት ወይ ስትላቸው ቀና አሉ።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው? ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። እውነተኛ ሰው ነሽ ልጄ። ሌላው ያታልላል፤ አንቺ ግን እንደሆነው አድርገሽ ጻፍሽው። የከፈተላት የለም። አበቃ።»

«አላበቃም አባባ፣ አሥራ ስድስት ገጽ ይቀራል።»

«የሚከፍትማ የለም።»

«አባባ! የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ እንዴ?»

ያኔ ነገሯት። አንድ ልጃቸው ከዚህ በፊት የነበራቸውን የስፌት መኪና፣ የቤታቸውን እንጀራ፣ ሸጦባቸው ጠፋ። እሳቸውም «ልጄ አይደለም» ብለው ማሉ። ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ልጁ አዳማ እንዳለ ሰሙ፤ አዳማ ደግሞ ለሞጆ አፍንጫዋ ሥር ናት። ልባቸው ራራና ልሂድ ብለው ወሰኑ። በዚያው ሳምንት መጽሐፉን ገዙ፣ አነበቡ፣ የከፈተላት የለም የሚለው ላይ ሲደርሱ መንገዱን ተዉት። ሰው ደጅ ቆሞ ከመዋረድ ቤት መቀመጥ ይሻላል ብለው።

ይህንን ብለው ወደ መኪናቸው ተመለሱ። አላነብም አሉ። ሴትየዋ ግን ከደንበኞች ወንበር ላይ ቁጭ አለችና በመኪናው ጩኸት ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። ለካ ልጅቱ ጓሮ ልብስ እያጠበች ነበር! አልሰማችም እንጂ አልጨከነችም። እናትም ደግማ አንኳኳች። እዚህ ላይ የስፌት መኪናው ቆመ።

በዚያው ቀን ጋሽ ወንድይራድ አዳማ ገቡ። ቤቱን ጠይቀው አገኙት። አንኳኩ።

የከፈተላቸው የለም።

በዚህኛው ቤት ግን ልጁ ጓሮ አልነበረም። ልብስ አላጠበም። ሰምቷል። በበሩ ስንጥቅ አይቷል። አፍሮ ትንፋሹን ይዞ፣ ይሂዱልኝ ብሎ ቆሟል። አንተ በምን አወቅህ ትሉኛላችሁ?

እኔ ነበርኩ።

አባቴን በስንጥቁ አየሁት፤ ሸምግሏል። ዞር ብሎ ሁለት እርምጃ ሄደ። ቆመ። ተመለሰና እንደገና አንኳኳ። ከዚያ በሩን እየደበደበ፣ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ፣ «አሥራ ስድስት ገጽ ይቀራል!» ብሎ ጮኸ። አባቴ አበደ ብዬ ከፈትኩ! ሜትሩ አንገቱ ላይ እንዳለ ነበር፤ ሲጣደፍ ማውረዱን ረስቶታል። ይቅር በለኝ ልል አፌን ስከፍት አንገቴን አንቆ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ አባቴ አራት ዓመት ኖረ። አራት ዓመት አብረን በላን፣ ተጨቃጨቅን፣ ኮቴን ሰደበ። አንዴ አንኳኩቶ ቢመለስ ኖሮ እነዚያን ዓመታት ከየት አመጣቸው ነበር?

አቶ ቢራቱ «አንድ ሰው ምን አላት» አለ አይደል? ያ አንድ ሰው አባቴ ነበር። እሷ ግን ኋላ እኔ ፈልጌ እስካገኘኋት ድረስ ይህን አታውቅም ነበር፤ የጀመረችውን መጨረስ ብቻ ነበር የያዘችው። ከሞጆ በተመለሰች ማግስት ሁለተኛውን መጽሐፍ ጀመረች።

እናንተስ? አበቃ ያላችሁት የትኛው ነው? ወንድማችሁን አንድ ጊዜ ደወላችሁ፣ አላነሣም፤ አበቃ አላችሁ። አንድ ጊዜ ጸለያችሁ፤ ዝም ተባልኩ ብላችሁ ተቀየማችሁ። አንኳኩ ስንባል አንዴ ብቻ ያለን ማን ነው? የጎደለ ወረቀት ይዛችሁ ታሪኩን ጨረስነው አትበሉ!

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደዚያ በር ሂዱና ደግማችሁ አንኳኩ። ከውስጥ ያላችሁትም፣ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ በስንጥቅ የምታዩት፣ አውቃችኋለሁ፤ እዚያ ቆሜ ነበር። አባታችሁ ሁለት እርምጃ ሄዷል። ክፈቱ።