የአያ ጅቦ የአንበሳኛ ትምህርት ቤት

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ጠፍቶ ምንጩ ሁሉ ሊነጥፍ ሲቃረብ፣ ከአንበሳ ኩሬ በቀር ተስፋ አልነበረም። አንበሳም «ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ቀርቦ በቋንቋዬ ያላናገረኝ ጠብታ አይቀምስም» ብሎ አወጀ። አህያ ይህን ስትሰማ ደነገጠች። ውርንጭላዋ ገና ጡት አልጣለም፤ የእሷም ጡት እየደረቀ ነበር።

ጅብ ግን ደስ አለው። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል እንዲሉ፣ ከአንበሳኛ የሚያውቀው «አዎን» የምትለዋን ቃል ብቻ ሆኖ ሳለ ትምህርት ቤት ከፈተ። ክፍያው በየቀኑ አንድ አጥንት ነው። አህያ፣ ፍየልና ጦጣ ተመዘገቡ። እነዚህ ሣርና ፍሬ በሊታዎች አጥንቱን ከየት እንደሚያመጡት መምህሩ አላሰበበትም።

ምን እንደሚያስተምር ሲጨንቀው፣ ከአንበሳ ድግስ ፍርፋሪ ስትለቅም ቋንቋውን የለመደችውን ቀበሮን አማከራት። በዚያ ሰሞን ባሕር ማዶ ስለተካሄደው የዓለም አራዊት ሩጫ የማይከራከር አልነበረም።

«አያ ጅቦ፣ ሩጫውን አንሣና ማን ይበልጣል ብለህ ጠይቃቸው። ከዚያ አፍህን ዝጋ። ሲከራከሩ ምላሳቸው ይፈታል» አለችው።

ጅብ የሰማው ግማሹን ነው። አፍ መዝጋት በዘሩም የለ።

በማግስቱ ስለ ሩጫው ማውራት ጀመረ፤ ያውም በአንበሳኛ ሳይሆን በተለመደው የአራዊት ቋንቋ። ማን እንደወደቀ፣ ማን እንዳነከሰ፣ እሱ ቢሮጥ ኖሮ ስንተኛ ይወጣ እንደነበር ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ለፈለፈ። ተማሪ አፉን ሲከፍት «ጥያቄ መጨረሻ ላይ» ይላል፤ መጨረሻውም አይመጣም። ሲደክመው «ገባችሁ?» ይላቸዋል፤ እነሱም በአንድ ድምፅ በአንበሳኛ «አዎን» ይላሉ። ሁሉ አዎን ሲል ብቻውን አልገባኝም የሚል ተማሪ ደግሞ በዚያ አገር አልተወለደም።

በሦስተኛው ቀን ጅብ ያሸነፈው ካንጋሮ ነው አለ። አህያ አላስቻላትም። ያሸነፈችው የሜዳ አህያ፣ የአክስቷ ልጅ ነበረች። ልትናገር ስትነሣ «አህያ ስለ ሩጫ ምን ታውቃለች?» ብሎ አስቀመጣት።

እርር ድብን እያለች ቀበሮ ዘንድ ሄደች፤ «ያሸነፈችው ዘመዴ ናት» በአንበሳኛ እንዴት እንደሚባል ጠየቀቻት። ቀበሮ ነገር ትወዳለች። ነገረቻትና ወዲያው በአንበሳኛ ተቃወመቻት። አህያ መልስ ፈለገች፤ ለመልሱም ቃል ፈለገች። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ሲጨቃጨቁ ያመሹ ነበር።

የቀጠሮው ቀን ደረሰና ጅብ ተማሪዎቹን አሰልፎ ኩሬው ዳር አቆማቸው። አንበሳ በቋንቋው ምን ፈልገው እንደመጡ ጠየቀ። ፍየልና ጦጣ በአንድ ድምፅ «አዎን» አሉ። ኩሬዬን ልትሰርቁ ነው ወይ አላቸው። አሁንም «አዎን» አሉ። አንበሳ ጥፍሩን አወጣ።

አህያ ወደ ፊት ወጣች፤ በተሰባበረ አንበሳኛም እንዲህ አለች፦

«ጌታዬ፣ እነዚህ ምንም አልተማሩም። መምህራችን ሩጫውን እንኳ አያውቅም፤ ያሸነፈችው የአክስቴ ልጅ ናት። ልጄ ውሃ ጠምቶታል።»

አንበሳ የሩጫ ወሬ ከተነሣ አያስችለውም። ስለ መጨረሻው ዙር ጠየቃት፤ መለሰች። ተሳስተሻል ሲላት ተከራከረችው። ሰዋስዋ ጠማማ ነበር፤ አንበሳ ግን እየሣቀ ውርንጭላዋንም፣ ፍየልንም፣ ጦጣንም ይዛ እንድትጠጣ ፈቀደ።

ይህን ጊዜ ጅብ ምስጋናውን ሊቀበል ደረቱን ነፍቶ ቀረበ።

«እነዚህን ያስተማርሃቸው አንተ ነህ?» አለው አንበሳ በአንበሳኛ።

«አዎን።»

«እንግዲያው ቋንቋዬን እስክትማር ከዚህ ኩሬ ብትባረር ይገባሃል?»

ጅብ የተሸለመ መስሎት ጮክ ብሎ «አዎን» አለ፤ የአንበሳ ዘበኞች የሆኑት ነብሮች እየገፉ ሲያስወጡትም እጅ ይነሣ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ የዓለምን ሩጫ ሁሉ ክፍል ውስጥ ቢያስገቡትም መምህሩ ብቻ ከሮጠበት ተማሪው ከመነሻው መስመር እንደማያልፍ ነው።