የአምስት ዓመት ሶል

አንድ ጡረተኛ ነበር፤ ጋሽ ይርዳው እንበለው። አሰላ ከተማ፣ ሴት ልጁ ትርሲት ቤት ይኖራል። ደም ብዛት አለበት። ሐኪሙ ጨው እንዲቀንስ፣ ኪኒኑን በሰዓቱ እንዲውጥ፣ ጠዋት ጠዋት በእግሩ እንዲሄድ አዞታል። ጋሽ ይርዳው ምን ያደርግ ነበር መሰላችሁ? ወጡ ላይ ጨው ይነሰንሳል፣ ኪኒኑን ትራሱ ሥር ይወትፋል፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ተሸፋፍኖ ይተኛል።

ሰነፍ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መንገድ ሥራ ላይ የኖረ ሰው ነው። ነገሩ ወዲህ ነው፤ አባቱ ስልሳ አምስት ሳይሞላው ሞተ። ታላቅ ወንድሙም ስልሳ አምስት ሳይሞላው ሞተ። እሱ ደግሞ ስልሳ አምስት ሊሞላው ሦስት ወር ቀርቶታል። እኛ ቤት ወንድ ከዚያ አያልፍም ብሎ ደምድሟል። ትርሲት ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ ብታለቅስ መልሱ አንድ ነበር፤ «ለየትኛው ዕድሜዬ ብዬ?»

ወገኖቼ፣ ይቺን ቃል ታውቋታላችሁ አይደል? እኔ ራሴ ጮማ ፊት ተቀምጬ ብያታለሁ።

አንድ ቀን ታዲያ ከለቅሶ ሲመለስ የቀኝ ጫማው አፉን ከፈተ። እየጎተተ መናኸሪያው አጠገብ ወደሚሠራው ጫማ ሰፊ፣ ወደ ቶልቻ ሄደ። ቶልቻ ጫማውን አገላብጦ ካየ በኋላ ሁለት ዓይነት ሶል እንዳለው ነገረው። አንደኛው ስስ ነው፣ ቢቆይ ቢቆይ ሦስት ወር ነው። ሌላው ከመኪና ጎማ የሚቆረጥ ነው፣ አምስት ዓመት ንቅንቅ አይልም። ጋሽ ይርዳው ሳያቅማማ ስሱን እንዲያደርግለት ነገረው፤ ለእኔ ሦስት ወር ይበቃኛል አለ።

ቶልቻ ቀና ብሎ አየው። ሰውየው እየቀለደ እንዳልሆነ ገባው። አልተከራከረም፤ ስሱ አልቋል ብሎ ጎማውን መቁረጥ ጀመረ። እውነት አልቆ ነበር? የት አልቆ፣ ሳጥኑ ሙሉ ነበር። ውሸቱን እግዚአብሔር ይቅር ይበለው። ሲጨርስ ጫማውን እያቀበለው፣ «ጋሼ፣ አምስት ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ካለቀ መጥተው ይጠይቁኝ» አለው።

ጋሽ ይርዳው ወደ ቤቱ ሲሄድ አምስት ዓመቷ አልለቀው አለች። አምስት ዓመት ማለት እኮ ሰባ ሊሞላው ነው። የልጅ ልጁ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ትጨርሳለች። ይህን ሲያስብ ራሱ ደነገጠ። ከሦስት ወር ወዲያ ያለውን ነገር ካሰበ ስንት ጊዜው! ደስ አለው፤ ደስ ማለቱ ደግሞ ትንሽ አሳፈረው።

በማግስቱ ጫማውን ለመሞከር ያህል ብሎ እስከ ወፍጮ ቤቱ ሄደ። በሳምንቱ እስከ ስታዲየሙ። ኪኒኑ ከትራስ ሥር ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ትርሲት ጨው አምጪ ይለኛል ብላ ስትጠብቅ ዝም ብሎ በላ። ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ የዚያን ቀኑ ለቅሶ ግን የደስታ ነበር።

ዓመት ከአራት ወር አለፈ። ጋሽ ይርዳው ጫማውን አንጠልጥሎ ቶልቻ ዘንድ መጣ። ተቆጥቷል። አምስት ዓመት ብለህ አታለልከኝ፣ ይኸው ተበልቶ አለቀ እያለ ወረደበት። ቶልቻ ሶሉን አየው፤ ተረከዙ ላይ ወረቀት አክሏል።

«ጋሼ፣ አምስት ዓመት ያልኩት ቤቱ ለሚቀመጥ ሰው ነው። አሁን ስንት ዓመትዎ ነው?»

ጋሽ ይርዳው በልቡ ቆጠረ። ስልሳ ስድስት ሆኖታል። ሦስት ወር ይበቃኛል ያለው ሰው የቀረችውን ሦስት ዓመት ከስምንት ወር አምጣ ብሎ እየተጣላ ነው። በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «በል፣ ወፍራሙን አድርግልኝ» አለው።

ወገኖቼ፣ ዕድሜ የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው፤ ሶል ዕድሜ አይሰጥም። ግን ልብ በሉ፤ ሐኪሙ መክሮታል፣ ልጁ አልቅሳለታለች። ለምን አልሰማም? ነገ የለኝም ያለ ሰው ዛሬ ለማን ብሎ ይጠንቀቅ? ቶልቻ ስለ ጨው አንድ ቃል አልተናገረም። ትኖራለህ ብሎ ብቻ ሰፋለት።

እናንተስ? በየቤታችሁ «ለየትኛው ዕድሜዬ» የሚል አባት፣ የምትል እናት የለችም? ስለ ጨው ከመጨቃጨቃችሁ በፊት ስለ ከርሞ አጫውቷቸው። በሚቀጥለው ዓመት ሠርግ ላይ እንደምትፈልጓቸው ንገሯቸው።

የራሳችሁንም ጫማ ነገ ጠዋት ገልብጣችሁ እዩት። ሶሉ አልቆ ካገኛችሁት ደስ ይበላችሁ፤ ሄዳችሁ ወፍራሙን አስደርጉ።