አንድ ባልዲ ውሃ ለአስካለ

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለእናቴም፣ ለነፍስ አባቴም። ዐሥራ አንድ ዓመት ይዤው ኖሬአለሁ። በቀጥታ ላወራው ስል አፌ ይተሳሰራል፤ እንደ ተረት አድርጌ ልጻፈው።

በአንዲት የቆላ ከተማ በውሃ መቆጣጠሪያ ክፍል እሠራ ነበር። ፓምፑን የሚያስነሳውም የሚያቆመውም ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተሩን የምጠብቀው እኔ ነኝ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከተማው ውሃ አጣ። በአጥራችን ማዶ፣ በጤና ጣቢያው፣ አስካለ የምትባል ሴት ምጥ ይዟታል። አዋላጇ ሲስተር ትርንጎ የፈለገችው አንድ ባልዲ ውሃ ነው። የጣቢያው ዘበኛ ባሻ ወልደየስ ባልዲውን ይዘው ወደ እኛ ግቢ ተሻገሩ።

ቧንቧውን ከፈቱት። ቧንቧው አልሰጥም አለ፤ ታንከሩ ሳይሰጠኝ ምን ልስጥ አለ። አስካለ ታምጣለች፤ ባልዲው ባዶ ነው፤ ቧንቧው ለባልዲው አልሰጥም አለ።

ባሻ ታንከሩን በዱላቸው መቱት፤ ባዶውን ጮኸ። ፓምፑ ሳይሞላኝ ከየት አምጥቼ አለ። አስካለ ታምጣለች፤ ባልዲው ባዶ ነው፤ ቧንቧው ለባልዲው አልሰጥም፣ ታንከሩ ለቧንቧው አልሰጥም አለ።

ፓምፑን ዳሰሱት፤ ቀዝቅዟል። ኮምፒውተሩ ካላዘዘኝ ንቅንቅ አልልም አለ። አስካለ ታምጣለች፤ ባልዲው ባዶ ነው፤ ቧንቧው ለባልዲው አልሰጥም፣ ታንከሩ ለቧንቧው አልሰጥም፣ ፓምፑ ታንከሩን አልሞላም አለ።

ባሻ እኔ ዘንድ መጡ።

«ልጄ፣ ይሄ ኮምፒውተራችሁ ውሃ ይጠጣል እንዴ?»

አልሳቅኩም። እጆቼ ጭኔ ላይ ነበሩ፤ የማውዟ ቀስት ግን ስክሪኑ ላይ ብቻዋን ትሄድ ነበር። ፓምፑን አስነሳ ባልኩ ቁጥር ሄዳ ታቆመዋለች። ኮምፒውተሩ ውስጥ የማላየው ሰው ነበር።

ማን አስገባው? እኔ። ጠዋት አንድ ሰው ደውሎ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ነኝ፣ ለጥገና የይለፍ ቃሉን ስጪኝ አለኝ። እህቴ እያለ፣ ልጆችሽ ደህና ናቸው ወይ እያለ። ልጅ የለኝም። እንዲያ ባለ ትሕትና የሚያናግረኝን ሰው ማንነቱን መጠየቅ ነውር መሰለኝና ሰጠሁት።

ፓምፑን ከኮምፒውተሩ ነጥሎ በእጅ ማስነሳት ይቻላል። ግን የኃላፊያችን የአቶ መኩሪያ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለፈቃዱ ደግሞ ምክንያት መናገር አለብኝ። ስልኩን ሁለት ጊዜ አንስቼ ሁለት ጊዜ መለስኩት። አስካለ ታምጣለች፤ ባልዲው ባዶ ነው፤ ቧንቧው ለባልዲው አልሰጥም፣ ታንከሩ ለቧንቧው አልሰጥም፣ ፓምፑ ታንከሩን አልሞላም፣ ኮምፒውተሩ ፓምፑን አላዝም አለ፤ እንግዳው ኮምፒውተሩን አልለቅም አለ፤ እኔም እፍረቴን አልለቅም አልኩ።

ሲስተር ትርንጎ ራሷ በሩ ላይ ቆመች። ጓንቷ ደም በደም ሆኗል። ድምፅዋን አላነሳችም።

«የልጁ ራስ እየታየ ነው፤ እናትየዋም እየደማች ነው። ውሃ አለ ወይስ የለም? አንዱን ንገሪኝ።»

«አለ» አልኩ።

ሳላስፈቅድ ተነሳሁ። የኮምፒውተሩን ኬብል መዝዤ ጣልኩ፤ ወደ ፓምፕ ቤቱ ሮጬ ማብሪያውን በእጄ አዞርኩ። እፍረቴ እኔን ለቀቀኝ፤ እንግዳው ኮምፒውተሩን ለቀቀ፤ ኮምፒውተሩ ፓምፑን ለቀቀ፤ ፓምፑ እያጓራ ለታንከሩ ሰጠ፤ ታንከሩ ለቧንቧው ሰጠ፤ ቧንቧው ለባልዲው ሰጠ፤ ባሻም በዚያ ዕድሜያቸው ባልዲውን ይዘው ሮጡ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በአጥሩ ማዶ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። አስካለም ተረፈች።

እፍረቴ ግን የለቀቀኝ ለዚያች ሰዓት ብቻ ነበር። ለአቶ መኩሪያ ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ነው አልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገብቼ የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ። ሁለት ሰዓት ሲሆን አቶ መኩሪያ ሠራተኛውን ሰብስበው፣ ማሽን ሲከዳን ያልከዳችን ልጅ ብለው ፊት አቆሙኝ። ተጨበጨበልኝ። የምትናገሪው ካለ ዕድል ሰጥተንሻል አሉኝ።

አንገቴን ደፋሁ።

«እዩ እንግዲህ ጨዋነቷን» አሉ።

ይበልጥ ደፋሁት።