ሦስቱ ቅሎችና የዋኔ መልእክት

«ሰምታለች ብለሽ አትተኚ፤ መስማቷን ጠይቀሽ ተኚ።» አክስቴ ስንቅነሽ ይህን ያለችኝ ከትምህርት ቤት በቀረሁበት ዓመት ነው። ብላም ይህን ተረት ነገረችኝ። ለልጄ እንደምነግራት አድርጌ ልንገራችሁ፤ ጆሯችሁን አቅርቡልኝ።

ድሮ ድሮ፣ በርና ቅል እንደ ሰው በሚያወሩበት ዘመን፣ ጭጋግ የማይለየው አንድ ኩሬ ነበረ። ውሃው የተኛ ይመስላል፤ በሕልሙ ደመና ያያል። ከታች በኩል የያዘው የአፈር ክትር ነው። ከክትሩ ሥር ታንጉት የምትባል ሴት ጨቅላዋን ይዛ ትኖራለች። ክትሩ ከተናደ ቤትም ልጅም የለም።

ክትሩን የምትጠብቀው እንቁራሪት ናት። ደህና በዋለ ዕለት ነጭ ጠጠር፣ ውሃ ባሾለከ ዕለት ጥቁር ጠጠር ቅል ውስጥ ትጥላለች። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። አንድ ቀን ቅሉ ጮኸ።

«እመት እንቁራሪት፣ አንገቴ ደረሰ እኮ! ልታፈነጂኝ ነው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ቀኑ አያልቅ!»

ኤሊ ከጭቃው ውስጥ ራሱን ብቅ አደረገ። «ሦስት ቅል ይኑር። አንዱ ሲሞላ በሌላው ተኪ። በሞላው ውስጥ ያለውን ደግሞ ወፏ ዋኔ በርራ ለታንጉት ትንገራት፤ ከነገረች በኋላ ይደፋ።»

«ቤቷን አውቀዋለሁ፤ ጉብታው ላይ ያለው፣ ሳንቃ በር ያለው» አለች ዋኔ። ሌላ የጠየቃት የለም።

የመጀመሪያው ቅል ሞላ። ዋኔ በጭጋጉ ውስጥ እንደ ላባ ተንሳፍፋ ሄደች። «ታንጉት ሆይ፣ ሁሉም ነጭ ነው!» በሩ ዝም። ተመለሰች።

«ነገርሽ?»

«ነገርኩ» አለቻት ዋኔ ለእንቁራሪት።

ቅሉ ተደፋ።

ሁለተኛው ሞላ። «ታንጉት ሆይ፣ ጥቁር ጣል ጣል ብሎበታል!» በሩ ዝም። ተመለሰች።

«ነገርሽ?»

«ነገርኩ አልኩሽ!»

ቅሉ ተደፋ።

ሦስተኛው ሞላ። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነበር። ዋኔ ደንግጣ ስትከንፍ ደረቷ በሩን ገፋው።

«ሲጥጥ! ምን ሆንሽ አንቺ ወፍ?» አለ በሩ። «ታንጉት እኮ የለችም። ስትወልድ ውሃ መቅዳቱ ቢርቃት ከክትሩ ሥር ወርዳ ቤት ሠራች።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? ጮኸሽ ትበሪያለሽ። እኔ ደግሞ በር ነኝ፤ ካልገፉኝ አልናገርም።»

ዋኔ ቁልቁል ተወረወረች። ታንጉት ልጇን እሹሩሩ እያለች ነበር፤ የቤቱ ወለል ረጥቧል።

«ታንጉት ሆይ፣ ክትርሽ እያለቀሰ ነው!»

«ውይ በሞትኩት! እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?»

«ስነግርሽ ነበር።»

«ለማን?»

ዋኔ ዞር ብላ ጉብታው ላይ ያለውን ቤት አየች።

ታንጉት ልጇን አዝላ፣ ዶማዋን ይዛ ወጣች። በመጀመሪያ አንድ እፍኝ ጭቃ ይደፍነው የነበረው ቀዳዳ አሁን ክንድ ያስገባል። በድንጋይ ሞላችው፣ በሣር ጓል መረገችው። ውሃው የቤቷን ደፍ ልሶ ቆመ። ኩሬውም ተመልሶ ተኛ።

ኤሊ እንደገና ብቅ አለ። «ከእንግዲህ ዋኔ ስትመለስ ከታንጉት ነጠላ አንድ ክር በአፏ ይዛ ትምጣ። ክሩ ሳይመጣ ቅል አይደፋም።»

«እኔማ ሞልቼ መቆየቱን ለምጄዋለሁ» አለ ቅሉ።

ከአፍ የወጣ ሁሉ ጆሮ አይገባም፤ ክሩን ሳታይ ቅሉን አትድፋ። የኔ ተረት እዚህ ላይ ጎጆው ገባ።

ይህን ለልጄ በነገርኳት ማግስት የክትባት ካርዷን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ለቀጠሮ የሚደወልበትን፣ ሰፈር ሳንቀይር የነበረኝን ስልክ ቁጥር አሰርዤ አዲሱን አስጻፍኩ። ነርሷ «በቃ፣ ተጽፏል» አለችኝ። ደውላበት በእጄ ላይ እስኪጮህ ድረስ ከአግዳሚው አልተነሳሁም።