አለቃቸው ሳይቀበር የተጣሉት አህዮች

አንድ ጊዜ በቆላ የሚኖሩ አህዮች አለቃቸው ሞተባቸው። ሟቹ ያስተማራቸው አንድ ሥርዓት ነበር፤ ጅብ ሲመጣ ውርንጭሎቹን መሀል ያስገቡና ጭንቅላታቸውን ወደ ውስጥ፣ ኮቴያቸውን ወደ ውጭ አድርገው ክብ ይሠራሉ። ጅቡ በየት በኩል ይግባ? በእርግጫ ጥርሱን አርግፈው ይመልሱታል።

ታዲያ ሬሳው ቅጠል እንኳ ሳይለብስ ጭቅጭቁ ተጀመረ። የሟቹ የልጅነት ጓደኛ ዳልቻ፣ «ከእሱ ጋር ያን ሁሉ በረሃ ያቋረጥኩት እኔ ነኝ» አለ። የሟቹ ልጅ ቦራ ደግሞ «አባቴ እኔን ወልዶ እንዴት ባዳ ይተካዋል?» ብሎ አናፋ። መንጋው ለሁለት ተከፈለ።

ሳምንት ያልሞላው ውርንጭላ የያዘች አንዲት እመጫት ግን ጭንቅ ጥብብ አላት። ከአንዱ ወደ አንዱ እየሮጠች፣ «ኧረ በፈጠራችሁ! ዛሬ ክቡን ማን ያሰልፋል? ልጄን የት ላስገባው?» ትላለች።

«መጀመሪያ የማን ወገን እንደሆንሽ ንገሪን!» ይሏታል። ጉድ እኮ ነው፤ የጠየቀችው ሌላ፣ የመለሱላት ሌላ!

ይህን ሁሉ ቀበሮ ቁጥቋጦ ሥር ተኝታ ሰማች። ሹልክ ብላ ወደ ዳልቻ ሄደችና «ቦራ በእርግጫ ሊጨርስህ ነው፤ ኮቴህን ወደ እሱ አዙር» አለችው። ለቦራም ያንኑ ነገረችው። ከዚያ ወደ ጅቡ ሮጠች።

«አያ ጅቦ፣ እራት ደርሷል!»

«ኧረ እኔ ፈራሁ! ባለፈው ሁለት ጥርሴን አርግፈውብኛል። ኮቴያቸው ወደየት ነው?»

«እርስ በርሳቸው ነዋ!»

ጅቡ ጅል ስለሆነ ነገሩ አልገባውም። ሆዱ ግን ገባው።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ መጣ። አህዮቹ ሁሉ አዩት። ኮቴዬን ወደ ጅቡ ባዞር ያኛው ወገን ፊቴን ይረግጠኛል ብሎ ሁሉም በቆመበት ቀረ። እመጫቷ ብቻዋን ተራገጠች፣ ጮኸች፣ አልቻለችም። ውርንጭላዋን ይዞባት ሄደ።

ሲነጋ ዳልቻ ወገኖቹን አስከትሎ ለቅሶ ደረሰ። «እኔ ብመረጥ ኖሮ ይህ አይደርስብሽም ነበር» አላት። እሱ ሲወጣ ጠብቆ ቦራ ገባ፤ እሱም ያንኑ አላት።

«እናንተ! ለቅሶ እንኳ አብራችሁ መድረስ አቃታችሁ?» ብላ ጮኸች።

ከዚህ የምንማረው መሪ ሞቶ ማን ይተካው እየተባለ ሲከራከሩ ሟቹ የተወውን አደራ አብረው ካልጠበቁ፣ መዘዙ የሚወርደው ሥልጣኑን ከፈለጉት ይልቅ ምንም በማያውቀው ላይ መሆኑን ነው።